ሐረር ጀጎል፦ በግል አስጎብኚ ወይስ በእናቴ ትዝታ? (ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ኑ)

የቨርጂኒያዋ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው «ሐረር ስሄድ አስጎብኚ ልቅጠር ወይስ ዝም ብዬ ልዙር?» ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር። ግማሻችሁ ቅጠሪ አላችሁኝ፣ ግማሻችሁ ገንዘብሽን አትበትኚ። ሄጄ ተመለስኩ። ሁለቱንም ሞክሬያለሁና የሆነውን ልንገራችሁ።

አብራኝ የሄደችው እናቴ ናት። 74 ዓመቷ ነው። አባቷ ጦር አካዳሚው ውስጥ ይሠሩ ስለነበር ያደገችው ሐረር ነው። በ1960 ዓ.ም. በ16 ዓመቷ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። እና «አስጎብኚ» የምትል ቃል ከአፌ ስትወጣ ተቆጣች። «እኔ እያለሁ? ሐረርን ለእኔ ሊያሳዩኝ?»

እሺ ብዬ ተከተልኳት። ከድሬዳዋ በመኪና ወጣን። ደንገጎ ዳገት ላይ ጆሯችን ድፍን አለ። ሐሮማያ ስንደርስ (እሷ አሁንም «አለማያ» ነው የምትለው) ሾፌሩን አስቆመችው። ሐይቁ ደረቀ ሲሏት አሜሪካ ሆና አልቅሳ ነበር። አሁን ውሃ ተመልሶበታል። አንድ አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብላ ቆመች። አወዳይ ላይ ግን በጫት ጭነት መኪናዎች መሀል ስንጋፋ «ይሄ ደግሞ መቼ መጣ!» አለችና ሳቅን።

የመጀመሪያው ቀን አስጎብኚ እናቴ ነበረች። በሐረር በር ገባን። እስከ ፈረስ መጋላ ድረስ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፣ ማንም አይሳሳትም። ከአደባባዩ ወደ ጓዳ ጓዳው እንደገባን ግን አለቀ። ጀጎልን ያላየ ሰው አይገባውም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ኖራ የተቀባ ግንብ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ሮዝ። በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። አንድ አረንጓዴ በር አጠገብ ሦስት ጊዜ አለፍን። በሦስተኛው እናቴ «ቀለም ለውጠውታል» አለች። ከተማውን ማለቷ ነው።

ሲደክመን አንድ ወጣት መጣ። «እናቴ፣ ላሳያችሁ፣ እንደፈለጋችሁ ትሰጡኛላችሁ» አለ። ያሳየን ሦስት የዕቃ መሸጫ ቤቶች ናቸው። በሦስቱም ቁጭ ብለን ሻይ ጠጣን፣ በሦስቱም ሙዳይ ግዙ ተባልን። መጨረሻ ላይ «እንደፈለጋችሁ» የነበረው በሰው ተባዝቶ፣ የሻይም ተጨምሮበት፣ ሌላ ሆኖ መጣ። እናቴ እንደ ድሮ ሐረር ልጅ «አቦ!» ብላ ጀመረች። የሆነው ሆኖ ከፈልን።

በማግሥቱ ሆቴሉ ባጅ ያለው አስጎብኚ ጠራልን። ለሁለታችን ብቻ፣ ለግማሽ ቀን። ዋጋውን በብር፣ ለሁለታችንም በአንድ ላይ፣ ከሆቴል ሳንወጣ ተስማማን። ከዚያ የጠየቀው ጥያቄ ነው ልቤን የወሰደው። «እማማ፣ ሐረርን የሚያውቋት ከግንቡ ውስጥ ነው ከውጭ?»

እናቴ ቆም አለች። «ከውጭ» አለች። «ውስጥ የምገባው ልብስ ሰፊው ጋ ነበር። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልናሰፋ።»

«እንግዲያው ከመኪና ግርግር እንጀምራለን» አለ።

ቀሪውን ማታ እቀጥላለሁ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ላምጣ።

---

ጎንደሬው

ልጆቹን አምጥተሽ ቶሎ ተመለሽ፣ ልብ ሰቀላ ነው የተውሽን።

---

በነፃ_የሚዞር

እኔ ግን አሁንም በአቋሜ ነኝ። በገዛ አገሬ፣ በገዛ ቋንቋዬ የሚመራኝ ሰው ልቅጠር? ስልክ አለ፣ ካርታ አለ፣ አፍ አለ። የጠየቀ ይደርሳል። ጀጎልን ሁለት ጊዜ ብቻዬን ዞሬያለሁ። መጥፋትም አንዱ ደስታ ነው። ያቺ ቦታ እንደሆነች 48 ሄክታር ብቻ ናት፤ ግንቡ ድረስ ከሄድሽ ግንቡን ተከትለሽ በር ታገኛለሽ። የት ትሄጃለሽ?

---

የመጋላ_ልጅ

@በነፃ_የሚዞር ወንድሜ፣ መጥፋትህን ወድጄዋለሁ፣ አቦ ይመችህ። ግን ያየኸው ግድግዳ ነው። የጀጎል ነገሩ ያለው ከግድግዳው ጀርባ ነው። ከመንገድ ላይ ምንም አይታይም፤ ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። በሩን አልፈህ ግቢው ውስጥ ካልገባህ፣ ከግቢውም ወደ ቤቱ ካልዘለቅህ፣ ሐረርን አየሁ አትበል። ያንን በር ደግሞ ካርታ አይከፍትልህም።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም። እዚህ መድረክ ላይ «አደሬ ቤት» የሚል ስም ደጋግሜ አያለሁ። ክፋት እንደሌለው አውቃለሁ። ግን እኛ ራሳችንን አደሬ አንልም። ከተማዋ ጌይ ናት፣ ቋንቋው ጌይ ሲናን ነው፣ ቤቱም ጌይ ጋር ነው። ሐረሪ ቤት ብትሉም ደግ ነው።

---

የቨርጂኒያዋ

ተመለስኩ። @የመጋላ_ልጅ ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ። እናቴ «አደሬ» ስትል አስጎብኚውም በቀስታ አርሟት ነበር። ስልሳ ዓመት የያዘችው ቃል ስለሆነ ከአፏ አይወጣም፣ ግን ከዚያ በኋላ በየመሀሉ «ሐረሪ» እያለች ወደ እሱ ታያለች፣ ልክ አስተማሪ ፊት እንደቆመች ተማሪ።

መኪና ግርግርን ለማታውቁ፦ ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን መንገድ ነው። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጃፍ ላይ አውጥተው ይሰፋሉ። ስሙም ከዚያው የስፌት መኪና ግርግር የመጣ ነው። እዚያ ስንደርስ አስጎብኚያችን ዝም አለ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ለአንድ ሩብ ሰዓት አንድም ዓመተ ምሕረት አልጠራም። እናቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ እሱ ከሁላችን ኋላ። እሷ እያንዳንዱ ደጃፍ ላይ ቆም ትላለች። የድሮው ሰፊ እንደሌለ ታውቃለች፣ ግን ቦታውን ፈለገችው። «ከጎኑ ቅመም የሚሸጥ የመን ሰው ነበር» አለች። አስጎብኚው ዞር ብሎ አንድ ሽማግሌ ሰፊ በጌይ ሲናን ጠየቀ። ሽማግሌው በመቀስ ጫፍ አመለከቱ። አሁን የሞባይል ካርድ መሸጫ ነው።

እናቴ ወደዚያ ስትሄድ የቀሚሷ ጠርዝ ድንጋይ ያዘውና ተተረተረ። ሽማግሌው «ነይ» አሏት። ወንበር ሰጧት። ቀሚሱን እንደለበሰችው ጠርዙን ብቻ ሳብ አድርገው መኪናው ላይ አኖሩት፣ በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉ፣ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። አለቀ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ገንዘብ ስትሰጣቸው አንዷን ብር ብቻ አንስተው ሌላውን መለሱላት።

ከዚያ በኋላ እናቴ አስጎብኚውን «ልጄ» ማለት ጀመረች።

ታሪኩን ደግሞ ያወራው ቦታ ቦታው ላይ ነው። ግንቡን በእጃችን እያስነካን የአሚር ኑርን ነገረን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። የአሚሩ መቃብር ጋ ስንደርስ፣ ያቺ አረንጓዴ እሾሃማ ጉልላት ያላት፣ የባቲ ድል ወንበራን ታሪክ አወጣ። ግራኝ አሕመድ ከሞተ በኋላ ሚስቱ ድል ወንበራ ለአሚር ኑር ተዳረች፣ እሱም የባሏን ደም ሊመልስ ዘምቶ በ1551 ዓ.ም. አፄ ገላውዴዎስ በጦርነቱ ሞቱ። እናቴ ትምህርት ቤት የተማረችው ከሌላው ወገን ነው። «የእኛን ንጉሥ የገደለው ነው እንዴ?» አለች። ልጁ ሳቀ። «እማማ፣ ለእኛ ደግሞ ግንቡን የሠራልን ነው።»

ዝም ብለው ተያዩ። ከዚያ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ጫማዋን አወለቀች።

---

ባጅ_አንገቴ_ላይ

እኔ ሐረር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ፣ እህቴ የጻፈችው እኔን አይደለም፣ ማን እንደሆነ ግን ገምቻለሁ። የሥራውን ነገር ትንሽ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው የሚጣላው በዚህ ነውና።

የምትከፍሉን ለሰዓታችን ነው። ግማሽ ቀን ወይም ሙሉ ቀን። ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ አምስት፣ የእኔ ድካም አንድ ነው፣ ዋጋውም ለቡድን ነው መሆን ያለበት። ሰው ብዙ ከሆነ ከፍ የሚል አለ፣ እሱንም አስቀድሞ መናገር ነው። የሙዚየም መግቢያ፣ የሐረሪ ቤት መግቢያ፣ ማታ ጅብ የሚመግቡት ሰዎች ክፍያ፣ ባጃጅ፣ ይሄ ሁሉ ለብቻ ነው። «ሁሉም ተካቷል» ያላችሁ ሰው ካለ ምን ምን እንደተካተተ አስቆጥሩት። ባጅ ጠይቁ፣ አንቀየምም። እኔ እንዲያውም የማይጠይቀኝን ሰው ነው የምታዘበው።

ሰዓት ወሳኝ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሩ። ከምሳ በኋላ ከተማው በርጫ (ጫት መቃሚያ ሰዓት) ላይ ነው፣ ግማሹ ሱቅ ይዘጋል፣ ፀሐዩም አይቻልም። ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከተማው ይነቃል። ጎበዝ አስጎብኚ ሙሉ ቀን ብትቀጥሩት እንኳ መሀሉን አሳርፎ ነው የሚያዞራችሁ።

ሌላው፣ ምን ማየት እንደምትፈልጉ ንገሩን። ዝም ካላችሁን የምናውቀውን ዙር ነው የምናዞራችሁ፦ በር፣ ጁምዓ መስጊድ፣ ራምቦ ቤት፣ ሙዚየም፣ ጅብ። እንግዳው ደክሞታል፣ እኛም ሰልችቶናል። ቡና ነጋዴ ከሆናችሁ ስለ ቡና፣ አናጢ ከሆናችሁ ስለ በር፣ ስፌት የምትወጂ ከሆነ የሰፌድ ሴቶች ጋ።

---

ሊቀ_ጥርጣሬ

«82 መስጊድ፣ 102 የአውሊያ መቃብር፣ 368 መንገድ።» እያንዳንዱ አስጎብኚ ይሄን እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የሚደግመው። መንገዱን ማን ቆጠረው?

---

የመጋላ_ልጅ

መስጊዱና አውሊያው ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ሲመዘግበን የተጻፈ ነው፣ በእሱ አትምጣብን። ከመስጊዶቹ ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው ተብሎ ነው የተጻፈው። መንገዱን... እኔ እዚያ ተወልጄ አልቆጠርኩትም። 368 ሲሉ ከምሰማ አንዱን በደንብ ቢያሳዩ ይሻላል። ያቺን ጠባቧን አይታችኋል? የእርቅ መንገድ የሚሏት። የተጣሉ ሁለት ሰዎች ከተገናኙባት ሳይተሻሹ ማለፍ አይችሉም፣ ሲተሻሹ ደግሞ ሰላም ሳይባባሉ አይሆንም።

---

ጎንደሬው

ስለ ራምቦ ቤት አንድ ነገር። እኔ በፊት ስሄድ አስጎብኚው «ገጣሚው ራምቦ የኖረበት ቤት» ብሎ ነው ያስገባኝ። ኋላ ሳነብ ቤቱን የሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው፣ ያውም ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1891 ከሞተ በኋላ። ሰውየው ሐረር መኖሩ እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1880 መጥቶ ቡናና ቆዳ ሲነግድ ነበር። ግን በዚያ ቤት አልኖረም። ለፎቅዋና ለባለ ቀለም መስኮቶቿ ስል ይቅር ብያታለሁ።

እኛ ጋ ፋሲል ግንብም ይሄ አለ። «እዚህ ጋ አንበሳ ይታሠር ነበር፣ እዚህ ጋ ንጉሡ ይቀመጡ ነበር» እያሉ ወንበሩን ሳይቀር ያሳዩሃል። ጎበዙ አስጎብኚ «ይባላል» የምትለዋን ቃል የሚያውቅ ነው።

---

ባጅ_አንገቴ_ላይ

@ጎንደሬው ልክ ነህ። እኔ «በስሙ የተሰየመ ሙዚየም» ነው የምለው። ፈረንሳይ ሲመጣ ግን ሁሉም የሚያውቀውን ይዞ ነው የሚመጣው፣ እንዳልኖረበት ስነግራቸው ፊታቸው ይጠቁራል። አንዷ እንዲያውም «ለምን ነገርከኝ?» ብላኛለች። በጎኑ ያለው የራስ ተፈሪ ቤትም እንዲሁ የሕንድ ነጋዴ የሠራው ነው። አሁን የሸሪፍ ሙዚየም ያለበት። እዚያ ያለውን የቁርዓን ጽሕፈትና የድሮ ሳንቲም ሳታዩ እንዳትወጡ። እኔ ጊዜ ከጠበበኝ ራምቦን ትቼ ሸሪፍን ነው የማሳየው።

---

ሪያድ_ነኝ

እኔ ከሳዑዲ በሚቀጥለው ክረምት ልመጣ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ 7 እና 10። ጅቡ ያስፈራል? የትንሿ ልጅ ነገር አሳስቦኛል። በዚያ ላይ ቤት መግባቱ ያሳፍራል፤ ሰው ቤት ገብቶ መዞር እኔ አልተመቸኝም።

---

የቨርጂኒያዋ

@ሪያድ_ነኝ እኔም እንዳንቺው አፍሬ ነበር። የገባንበት ቤት እንግዳ ለመቀበል የተመደበ ነው፣ ሴትየዋ ራሷ «ግቡ ግቡ» እያለች ቀድማን ገባች። ስትገቢ የመጀመሪያው ነገር ቀይ ነው። ወለሉ ቀይ፣ መደቡ ቀይ። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ። መደቦቹ አምስት ናቸው፣ ነደባ ይሏቸዋል፣ ደረጃ ደረጃ ሆነው። ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር ይወሰናል፤ አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ አባወራ ቦታ ነው። እናቴ የት እንደምትቀመጥ ግራ ገብቷት ቆመች። ሴትየዋ እጇን ይዛ ከፍ ያለው ላይ አስቀመጠቻት። እኔን ታች።

ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ነበር። አስጎብኚው «ለትዳር የደረሰች ልጅ ያለበት ቤት ምልክቱ ይሄ ነው» አለ። ሴትየዋ ሳቀች። «አግብታለች፣ ምንጣፉን ለእናንተ ብዬ ነው ያላወረድኩት» አለች። አስጎብኚው ራሱን ይዞ ቀረ። ከዚያ ሆጃ አፈላችልን፣ የቡና ገለባ በወተት። እናቴ ጣዕሙን ስታገኘው ዓይኗን ጨፈነች፣ ስለዚህም ብዙ አልጽፍም።

ጅቡን በተመለከተ፣ እኔ ፈራሁ፣ እናቴ አልፈራችም። ማታ ከግንቡ ውጭ ሰውየው በስማቸው እየጠራቸው ይመጣሉ። ሥጋውን በዱላ ጫፍ አድርጎ ይሰጥሻል። ትንፋሹ እጅሽ ላይ ይሰማሻል፣ የመንጋጋው ድምፅም። ልጆቹ መኪና ውስጥ ሆነው ማየት ይችላሉ፣ እኛ ስንሄድ ብዙ ቤተሰብ እንደዚያ ነበር። ትንሿን መጀመሪያ ከሩቅ አሳዪያት።

---

የመጋላ_ልጅ

ጅብ በእኛ ቋንቋ ወራባ ነው። ግንቡ ውስጥ ለእነሱ የተተወ ቀዳዳ እንዳለ አሳይዋችሁ? ማታ ገብተው የከተማውን ቆሻሻ አጽድተው ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ። ለአሹራ በዓል ደግሞ ገንፎ በቅቤ እንሰጣቸዋለን። በደንብ ከበሉ ዘመኑ ጥሩ ነው ይባላል። ለእኛ ትርዒት አይደለም።

@ሪያድ_ነኝ ጊዜሽን መምረጥ ከቻልሽ ሹዋሊድ ላይ ድረሺ። ከረመዳን በኋላ ስድስቱ የሸዋል ጾም ሲያልቅ ነው የሚከበረው። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ እሱንም መዝግቦታል። ግን ያኔ ሆቴል በጊዜ ያዢ፣ አስጎብኚም አታገኚም፣ ሁላችንም ስንጨፍር ነው የምናድረው።

---

በነፃ_የሚዞር

እሺ ተሸነፍኩ እንበል። ግማሽ። ያ ልብስ ሰፊው ነገር በአስጎብኚ አልመጣም፣ በእናትሽ ትዝታ ነው የመጣው።

---

የቨርጂኒያዋ

@በነፃ_የሚዞር እሱማ ልክ ነህ። ግን በመጀመሪያው ቀን በእናቴ ትዝታ ብቻ መኪና ግርግርን አላገኘናትም። ሁለት ጊዜ አጠገቧ አልፈን ነበር። አስጎብኚው ኋላ መንገዱን ሲያሳየን ነው ያወቅነው፤ ያ አረንጓዴ በር ከእሷ በአንድ መታጠፊያ ነው የሚርቀው።

ዋጋውን በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ፦ እዚህ አልጽፈውም፣ በሦስት ወር ውስጥ ይለወጣልና። ከሆቴል ሳትወጡ ተስማሙ፣ ለቡድን መሆኑን አስረግጡ፣ ጉርሻ ከወደዳችሁት ከዚያ በላይ ነው። እናቴ ለእሱ ገንዘብ ሳይሆን የአባቷን የድሮ ፎቶ ነው ልትልክለት የወሰነችው፣ አካዳሚው በር ላይ የቆሙበትን። ሙዚየም ለማሳየት ፈልጎ ለምኗት ነው።

---

ሪያድ_ነኝ

ቀሚሱስ?

---

የቨርጂኒያዋ

እሁድ እሁድ ትለብሰዋለች። ቀሚሱ ሰማያዊ ነው፣ ሽማግሌው የሰፉበት ክር ቀይ። በሰማያዊ ልቀይርልሽ ብያት ነበር፣ ዞር በይ አለችኝ።